ስለ ሴቶች የማኅፀንና የሆርሞን ጤና በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



ባለፈው እሑድ በስብሰባው ላይ የተናገርነውን፣ ያልተገኛችሁ እንድታነቡት ብለን ሰሌዳው ላይ ለጥፈነዋል። ከመለጠፉ በፊት በሙያው ያለች አንዲት ሲስተር አይታዋለች። በዕለቱ አንዳንድ አባቶች «ይሄ የሴቶች ጉዳይ ነው፤ እኛ እንውጣ» ብለው ተነሥተው ነበር። እኛ ግን እባካችሁ ቁጭ በሉ አልን። በብዙ ቤት የሐኪም ቤት ብር ያለው በወንዱ ኪስ ነው፤ ለምን እንደሚጠየቅ ያላወቀ ሰው ደግሞ «እስቲ ወር ይውጣ» ይላል።

ነገራችን በአብዛኛው ስለ ደም ነው፤ ይኸውም የትኛው ደም ጤና፣ የትኛው በሽታ እንደሆነ ነው።

የወር አበባ ከ21 እስከ 35 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ እየተመላለሰ ቢመጣ፣ ከ2 እስከ 7 ቀንም ቢቆይ ጤነኛ ነው። የሁሉም ሴት 28 ቀን መሆን የለበትም። በአንድ ወር የሚፈሰው ሁሉ ቢጠራቀም ከአንድ የቡና ሲኒ እምብዛም አይበልጥም። ይህን ስንናገር እናቶች ሳቁብን። «የምን ሲኒ፣ ጀበና በሉት እንጂ» ያሉም ነበሩ። እንግዲህ መታየት ያለባቸው እነዚያ ጀበና ያሉት ናቸው። ሞዴሱ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ የሚርስ፣ ሌሊት ለመቀየር ከእንቅልፍ የሚያስነሣ፣ ከአንድ ብር ሳንቲም የሚበልጥ የረጋ ደም ያለው ከሆነ «የእኔ ተፈጥሮ ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ይህ ሲደጋገም ደም ማነስ ይከተላል። ውኃ በጠፋ ቀን ጀሪካን ይዞ አራተኛ ፎቅ መውጣት ማንንም ያደክማል። ባዶ እጇን ወጥታ ልቧ ድው ድው የሚልባት፣ ራሷን የሚያዞራት፣ አፈር አፈር የሚያሰኛት ሴት ግን ደሟን ትለካ። ከምግብ በኋላ ወዲያው የሚጠጣ ቡናና ሻይ ከምግቡ የሚገኘውን ብረት ሰውነት በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋል፤ ቡናውን እናንሣ አላልንም፤ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ ነው ያልነው። ብዙ ደም ለሚፈሳት ሴት ግን ምግብ ብቻውን አይበቃትም፤ የሚያፈሰው ነገር መገኘት አለበት።

ከሚያፈሱት ዋነኛው ማዮማ የሚባለው የማኅፀን እጢ ነው። ካንሰር አይደለም። በሴትየዋ ሆርሞን እየተመገበ ያድጋል፤ ካረጠች በኋላ ብዙውን ጊዜ ይሟሽሻል። ትንሽ ሆኖ ምንም የማይሰማትም አለች። ሲያድግ ደሙን ያበዛል፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ያስኬዳል፣ ሆድን እንደ እርጉዝ ይነፋል። በአልትራሳውንድ ይታያል። «ከሄድኩ ማኅፀኔን ያወጡብኛል» የሚለው ፍርሃት ብዙዎችን ቤት አስቀርቷል። መድኃኒት የሚበቃት አለች፤ እጢው ብቻ ተነቅሎ ማኅፀኗ የሚቀርላትም አለች። ማኅፀን የሚወጣው ሌላው ካልሆነ ነው፤ ያም ቢሆን ከሴትየዋ ጋር ተመካክረው ነው።

ሆርሞን የምንለው ሰውነት በደም ውስጥ የሚልከው መልእክተኛ ነው ብላችሁ ያዙት። መልእክቱ ሲዛባ የወር አበባ በሁለት በሦስት ወር አንዴ ይመጣል፣ ወይም ጭራሽ ይቀራል። ያላገባች ልጅ እንዲህ ስትሆን ሰፈሩ የሚጠረጥረው ሌላ ነገር ነው። ከወር አበባው መዛባት ጋር አገጯ ላይ ጠጉር የሚበቅልባት፣ ፊቷ በብጉር የሚሞላ፣ ክብደት የምትጨምር ልጅ እንቁላል የሚያመነጨው ክፍል ሥራው ተዛብቶባት ሊሆን ይችላል፤ የእንቅርት እጢም እንዲሁ ያደርጋል። ሁለቱም ሕክምና አላቸው። ልጅ አልወለድሽም ተብላ ለምትወቀስም አንድ ነገር እንበል፤ ምክንያቱ በወንዱ በኩል የሆነባቸው ባልና ሚስት ብዙ ናቸው። ሁለቱም አብረው ይመርመሩ።

ስለ ሦስት ወር መርፌም ተጠይቀናል። መርፌ የሚወስዱ እናቶች ደማቸው ሲቀር «ሆዴ ውስጥ ተጠራቀመ» ይላሉ። አይጠራቀምም። መርፌው የማኅፀኑን ውስጥ ልባስ ስለሚያሳሳው የሚፈስ ነገር አይኖርም።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። በአገራችን ሴቶችን ከሚይዙ ካንሰሮች የማኅፀን በር ካንሰር ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። የሚመጣው ኤች.ፒ.ቪ. ከሚባል ቫይረስ ነው። ይህን ያገኘው ሃራልድ ትሱር ሃውዘን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ሲሆን፣ በ2008 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍና ብዙው ሰው አንድ ቀን የሚያገኘው ስለሆነ የማንም የመጥፎ ጠባይ ምስክር አይደለም። ብዙውን ጊዜ ሰውነት ራሱ ያጠፋዋል። ያልጠፋው ግን ድምፁን አጥፍቶ 10፣ 15 ዓመት ይቆይና ወደ ካንሰር ይለወጣል። ከግንኙነት በኋላ የሚታይ ደም፣ በሁለት የወር አበባ መካከል የሚመጣ ደም፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ሲታይ ነገሩ ገፍቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሳያም መታየት ያስፈልጋል። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያላችሁ እናቶች ሁሉ፣ ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ያለባቸው ደግሞ ከዚያም ቀደም ብለው፣ ይህን ምርመራ ማድረግ አለባችሁ።

ምርመራው የሚያስፈራ አይደለም። ነርሷ የማኅፀኑን በር በኮምጣጤ ዓይነት ውኃ ቀብታ አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች፤ የተለወጠ ቦታ ካለ ነጭ ሆኖ ይታያል። ያ ነጭ ቦታ ገና ካንሰር አይደለም። ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ይነሣል፤ ቢላዋ የለውም፣ መተኛት የለውም። ለልጆቻችን ደግሞ ክትባት አለ። በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ዕድሜያቸው 14 ለሆነ ልጃገረዶች በትምህርት ቤት መሰጠት ተጀምሯል። «መካን ያደርጋል» የሚባለው ወሬ ሐሰት ነው። ፈቃድ ሲጠየቅ እሺ በሉ።

ያረጣችሁ እናቶችም አልተረሳችሁም። ከ45 እስከ 55 ባለው ዕድሜ ደሙ ሲዛነፍ፣ ፊት በድንገት ሲግል፣ ሌሊት ላብ ሲያጠምቅ፣ እንቅልፍ ሲጠፋ ምች ነው ብሎ ዳማከሴ የሚጨምቅ አለ። ምች አይደለም፤ ሆርሞኑ እየቀነሰ ነው። ከባሰ ሐኪም የሚረዳበት መንገድ አለው። ነገር ግን ደሙ አንድ ዓመት ሙሉ ከቆመ በኋላ እንደገና ቢታይ፣ ጠብታም ብትሆን፣ «ልጅነቴ ተመለሰ» ብላችሁ አትቀልዱ። በዚያው ሳምንት ሂዱ።

ይህን ሁሉ የሚያዘገየው እፍረት ነው። ስለ ፊስቱላ ስንት ዘመን ዝም ተብሎ ነበር! በምጥ ብዛት ተጎድተው ሽንታቸውን መቆጣጠር ያቃታቸው ሴቶች ከሰው ተገልለው ይኖሩ ነበር። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን በ1959 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን መጥተው፣ በ1974 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የፊስቱላ ሆስፒታል ሲከፍቱ ሴቶቹ ከየገጠሩ መጡ። ከታካሚዎቹ አንዷ ማሚቱ ጋሼ ትምህርት ቤት ሳትገባ፣ እያየችና እያገዘች ተምራ ራሷ ቀዳጅ ሐኪም ሆነች። ዶክተር ካትሪን በ2012 ዓ.ም. ቢያርፉም ሆስፒታሉ አሁንም ይሠራል፤ ሕክምናውም በነጻ ነው።

ወደ ማኅበራችን እንመለስ። ሰው ሲሞትብን ድንኳኑ በሰዓቱ ይተከላል፣ ገንዘቡም በዕለቱ ይወጣል፤ በዚህ አንታማም። ያቺው ሟች በሕይወት ሳለች ለታክሲና ለአልትራሳውንድ ብትጠይቅ ግን መተዳደሪያ ደንባችን አንድም አንቀጽ የለውም። ስለዚህ የሥራ አስፈጻሚው ለመጪው ጠቅላላ ስብሰባ የሚያቀርበው ሐሳብ አለ፤ ይኸውም ለምርመራ የምትሄድ አባል ወይም የአባል ሚስት ከማኅበሩ ገንዘብ በትንሽ በትንሹ የሚመለስ ብድር እንድታገኝ ነው። የበሽታው ዓይነት አይጠየቅም፤ ደረሰኝ ብቻ ታምጣ። ገንዘብ ያዡ «ለቀብር የተዋጣ ነው» ብለው ተቃውመዋል። ክርክራቸው መሠረት አለው፤ ካዝናው ለሐዘን ቀን እንዳይራቆት ልኩን ጉባኤው ይወስን። ድምፅ የምትሰጡት እናንተ ናችሁና ሚስቶቻችሁንም ይዛችሁ ኑ።

እስከዚያው የምትሄዱ እናቶች መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የጤና መድን ያላችሁ ደብተራችሁን አትርሱ፤ ከአቅማቸው በላይ ከሆነ የሪፈር ወረቀት ይጻፍላችኋል። ወረቀቱን ሳትይዙ በክፍለ ከተማችን ወዳለው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ብትሄዱ መድኑ ላይሸፍንላችሁ ይችላል። ብዙ ደም እየፈሰሰ ግን ወረቀት አይጠበቅም፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ብቻቸውን መሄድ ለሚከብዳቸው፣ በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያው ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ከማኅበሩ ቢሮ ፊት ለፊት ተሰብስበን አብረን እንሄዳለን። ስማችሁን ለሴቶች ክፍል ተጠሪ አስመዝግቡ። ሰፋ ያለ ቀሚስ ልበሱ፤ በዕለቱ የወር አበባ ላይ የምትሆኑ ለሌላ ቀን ትመዘገባላችሁ።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት