ትናንት ይሠራ ከነበረ ዛሬ ምን ተለወጠ? ከአንድ አሮጌ ትራክተር ዲስትሪቢዩተር የተገኘ ትምህርት



ዛሬ የምናገረው ስለ ዲስትሪቢዩተር ነው። በመተማና በሑመራ ሰፋፊ እርሻዎች የምናያቸው ትራክተሮች በአብዛኛው የናፍጣ በመሆናቸው ይህ ዕቃ የላቸውም፤ ናፍጣ የሚነደው በታመቀ አየር ሙቀት እንጂ በካንዴላ ብልጭታ አይደለም። ከ1946 እስከ 1956 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር እንደተሠራው ትንሹ ፈርጉሰን ያሉ የቤንዚን ትራክተሮች ግን ያለ እርሱ አይነሡም።

ሥራው ባጭሩ ይህ ነው። ባለ አራት ፒስተን ሞተር ሁለት ጊዜ ሲዞር ዲስትሪቢዩተሩ አንድ ጊዜ ይዞራል፤ በዚያች ዙር አራት ብልጭታ ያድላል። ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ቢዞር ብልጭታው 4,000 ይሆናል። የመገናኛ ነጥቦቹ በተላቀቁ ቁጥር ኮይሉ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይፈጥራል፤ ሮተሩም ተራው ለደረሰው ካንዴላ ያቀብላል። የነጥቦቹ ክፍተት ከግማሽ ሚሊሜትር ያነሰ ስለሆነ ጥቂት መዛነፍ ብዙ ያበላሻል።

ከዓመታት በፊት፣ ሰኔ ሲገባ፣ አንድ አዛውንት ገበሬ እንዲህ ያለ ትራክተር ከደምቢያ አስጭነው አመጡልኝ። የደምቢያ ሜዳ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ዝናቡ ሲበረታ ጎማ ይውጣል። በሁለቱ መካከል ለእርሻ የሚመቹት ቀናት ጥቂት ናቸው። ሞተሩ ያለ ጭነት ደኅና ይሠራል፤ ማረሻ ሲጎትት ግን ይንተባተባል።

እኔም ወዲያው ከፍታውን ጠረጠርሁ። ሜዳው ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ስለሆነ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። በሳሳ አየር ድብልቁ በዝግታ ስለሚነድ ብልጭታው ጥቂት መቅደም ይኖርበታል። ዲስትሪቢዩተሩን አዙሬ አስቀደምሁት፤ ነጥቦቹንና ኮንደንሰሩንም ለወጥሁ። በሦስተኛው ቀን ገበሬው ተመልሰው መጡ። «መምህር፣ ይህ ትራክተር እዚያው ሜዳ ላይ ስንት ዓመት አርሷል፤ አየሩ ዘንድሮ ነው እንዴ የሳሳው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። የተማርሁት ትክክል ነበር፤ ምርመራዬ ግን ስሕተት ነበር። ዘንጉን በጣቴ ይዤ ወደ ጎን ብገፋው ተወዛወዘ። ቡሹ ተበልቶ ስለነበር ክፍተቱ ለእያንዳንዱ ፒስተን ይለያያል፤ ለአንዱ ብልጭታው ይቀድማል፣ ለሌላው ይዘገያል። ከቶርኖ ቤት የነሐስ ቡሽ አስቀርጸን ገጠምን፤ ሞተሩም ተስተካከለ። ዝናቡ ግን ቀድሞን ነበር። ከሜዳው ዝቅ ያለው ማሳ በዚያ ዓመት ጦሙን አደረ።

ከዚያ ወዲህ ለተማሪዎቼ የማስተምረው ቅደም ተከተል ይህ ነው። በመጀመሪያ ክዳኑን ክፈቱ፤ ርጥበትና ከአንዱ መውጫ ወደ ሌላው የተሳበ ቀጭን ጥቁር መስመር ፈልጉ። የሳሳ አየር ኤሌክትሪክን የመከላከል ዐቅሙ ስለሚቀንስ፣ በዳባትና በደባርቅ ጉም ውስጥ ይህ ይበልጥ ያሰጋል። ቀጥሎ ዘንጉን ወዝውዙ፤ በሚወዛወዝ ዘንግ ላይ የተለካ ክፍተት ልክ የለውም። ከዚያ ነጥቦቹን እዩ፤ ተቃጥለው ከተገኙ ኮንደንሰሩን መርምሩ። የብልጭታውን ጊዜ የምትነኩት በመጨረሻ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ባለቤቱን ጠይቁ፤ ትናንት ይሠራ ከነበረ ዛሬ ምን ተለወጠ? ይህን ጥያቄ ያስተማሩኝ እኒያ ገበሬ ናቸው፤ የትምህርቱን ዋጋ የከፈሉትም እርሳቸው ናቸው።