ይህ ፊልም ለልጄ ይሆናል ወይ?

የተወደዳችሁ ወላጆች፣ «ፓስተር፣ ይህ ፊልም ለልጄ ይሆናል ወይ?» ትሉኛላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን «ድፍረት»ን እንውሰድ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ታሪክ ነው፤ መደፈር አለበት፣ ጠላፊዋንም ትገድላለች። ታዲያ እንከልክል? ወገኖቼ፣ የዲና ታሪክ እኮ ዘፍጥረት 34 ላይ አለ፤ ያንን ገጽ አልቀደድነውም! እኔ የምጠይቀው ይህን ነው፦ ፊልሙ ኃጢአቱን ያስመኛል ወይስ ለተበደለችው ያስለቅሳል?

መጀመሪያ ብቻችሁን እዩት። ልጃችሁ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባት ከሆነ፣ ወይም ሌሊት የምትባንን ከሆነች፣ ይቆይ። ካልሆነ አብራችኋት ተቀመጡ፤ ስልካችሁንም አስቀምጡ። ሲያልቅ ስብከት አትጀምሩ፤ ለእኛ ለፓስተሮች ደግሞ ይህ ይከብደናል! «ምን ተሰማሽ፣ ልጄ?» በሏት። ዝም ካለች፣ ጠብቋት።