በከፊል የሚያዩ ወገኖቻችንና የአጥቢያችን ድርሻ
ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለአገልጋይ ካህናት የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 8 የተጻፈውን የቤተ ሳይዳውን ዕውር ታሪክ ሁላችን እናውቀዋለን። ጌታችን መጀመሪያ እጁን በጫነበት ጊዜ ሰውየው ማየት ጀመረ፤ ነገር ግን ሰውን ከዛፍ አጥርቶ መለየት ገና አልቻለም ነበር። ዛሬ የምንነጋገረው በዚያ መካከለኛ ደረጃ ላይ ሆነው ዘመናቸውን ስለሚገፉ ምእመናን ነው።

በሀገራችን በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ ዕይታው የደከመ መሆኑን አሳይቷል። እንግዲህ ፈጽመው ከማያዩት ይልቅ በከፊል የሚያዩት ይበዛሉ ማለት ነው። እኛ ግን ማየትንና አለማየትን ብቻ ስለምንለይ መካከለኛውን አናስተውለውም። ፊታችንን መለየት ያቃታቸው አባት ሰላም ሳይሉን ሲያልፉ ኩራት ይመስለናል። ደብተሩን ከዓይኑ አስጠግቶ የሚያነበውን ልጅ «ዓይንህን ታጠፋለህ» ብለን እንገሥጻለን፤ ማስጠጋቱ ግን ፊደሉን ያጎላለታል እንጂ ዓይኑን አይጎዳውም።

የመጀመሪያው ተግባር ምርመራ ነው። በዚያው ጥናት ዕይታን ከሚያደክሙት ምክንያቶች ቀዳሚዎቹ የዓይን ሞራና በመነጽር የሚስተካከል የዕይታ ጉድለት ሆነው ተገኝተዋል። ስለዚህ ማንም «ዓይኔ ደከመ» ሲለን «የእርጅና ነው» ብለን አናሰናብተው። ግላኮማ ያጠፋው ዕይታ አይመለስም፤ የቀረውን የሚጠብቀው ሳይቋረጥ የሚወሰድ ሕክምና ነው። ጸበል የሚጠመቁ ምእመናን የታዘዘላቸውን ጠብታ እንዳይተዉ መምከር የንስሐ አባት ድርሻ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን በኤች አይ ቪ ዘመንም ጸበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ አስተምራለች።

ከሕክምናው በኋላ በቀረው ዕይታ መኖርን መማር መልሶ ማቋቋም የምንለው ነው። መሠረቱም አራት ነገር ነው፤ ማቅረብ፣ ማጉላት፣ ብርሃንና የቀለም ልዩነት። ቡና በነጭ ሲኒ፣ ወተት በጠቆር ያለ ኩባያ ሲቀዳ የሞላበት ልክ ይታያል። መስኮት ከፊት ሲሆን ዓይንን ያጥበረብራል፤ ከጎን ሲሆን ግን በሥራው ላይ ያበራል። ጨውና በርበሬ፣ ቢላዋና ክብሪት ቋሚ ቦታ ይኑራቸው፤ ማንም ሳይናገር አያንሣቸው። ከሁለት የመድኃኒት ጠርሙሶች አንዱ በላስቲክ ይታሰር። የብር ኖቶች እንደየዋጋቸው በተለያየ አኳኋን ይታጠፉ። ከጥቁር ካርቶን መካከል በአንድ መስመር ልክ ቀዳዳ ቢከፈትና በገጹ ላይ ቢደረግ አንባቢው መስመሩን አይስትም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። እናታችን ወጥ መሥራት ይችሉ እንደሆነ ሳንጠይቅ ከምድጃው ብናርቃቸው ርኅራኄ ይመስላል፤ ነገር ግን ሙያቸውንና በቤታቸው ያላቸውን ክብር እንነጥቃቸዋለን። መርዳት ማለት ሥራውን መንጠቅ ሳይሆን ሥራው የሚቻልበትን መንገድ ማመቻቸት ነው።

በቅጥራችንም የምንሠራው አለ። የደረጃው ጠርዝ ከድንጋዩ በሚለይ ደማቅ ቀለም ይቀባ፤ አንድ ቆርቆሮ ቀለም የምእመንን እግር ከስብራት ያድናል። ከፀሐይ ወደ ጨለምተኛው ቅኔ ማሕሌት የሚገባ ሰው ዓይኑ እስኪለምድ በሩ አጠገብ ይቁም፤ ከኋላ አንግፋው። መንገድ የምንመራውም ክንዱን ጎትተን አይደለም፤ እርሱ ክርናችንን ይዞ በግማሽ እርምጃ ይከተለን። ስንገናኝም «አወቅኸኝ?» ብለን አንፈትነው፤ ስማችንን እንናገር።

እንግዲህ ከየአጥቢያው ሦስት ነገር እንጠይቃለን። ካህናት በንስሐ ልጆቻቸው ቤት ዕይታው የደከመ እንዳለ ይጠይቁ። ሰበካ ጉባኤ የተገኙትን ወደ ዓይን ሕክምና የሚወስድ ሰውና የመጓጓዣ ወጪ ይመድብ። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ደግሞ ከሕክምና የተመለሱትን በየቤታቸው እየጎበኙ የተናገርነውን በተግባር ያሳዩ። በደጀ ሰላም የምንሰጠው ምጽዋት ለዕለት ይበቃል፤ ሰውን ወደ ሥራውና ወደ ጸሎት መጽሐፉ መመለስ ግን ለዘመኑ ሁሉ የሚሆን ምጽዋት ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።