ስለ አገልግሎት ሥራ መስፋፋት
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን በአገራችን ኤኮኖሚ ውስጥ የአገልግሎት ሥራ እየሰፋ ስለ መሄዱ ነው። አገልግሎት ስንል ንግዱን፣ ማጓጓዣውን፣ ባንኩን፣ ስልኩን፣ ትምህርቱን፣ ሕክምናውንና የመንግሥቱን ቢሮ ሁሉ ማለታችን ነው። በገዛ ቤቱ የሚኖር ሰው እንኳ ለራሱ ኪራይ እንደ ከፈለ ተገምቶ በዚሁ ክፍል ይቈጠርለታል፤ የሒሳብ ሊቃውንት የማያስቡት ነገር የለም።

በ2014 የበጀት ዓመት በአገሪቱ ከተገኘው ከያንዳንዱ መቶ ብር 40 ያህሉ ከአገልግሎት፣ 32 ያህሉ ከግብርና የመጣ ነው። ይሁን እንጂ ከሠራተኛው ሕዝብ ከግማሽ የሚበልጠው ዛሬም ኑሮው በእርሻ ላይ ነው። ፋብሪካ የሚያወጣው ከመቶው 10 ብር አይሞላም፤ ኢንዱስትሪው ከፍ ብሎ የሚታየው በሕንፃና በመንገድ ሥራ ምክንያት ነው።

ኮሊን ክላርክ የተባለው ኤኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመው መጽሐፍ፣ አገር ሲያድግ ሠራተኛው ከእርሻ ወደ ፋብሪካ፣ ከፋብሪካም ወደ አገልግሎት እንደሚያልፍ አስረድቷል። የኛ አገር ወጣት ግን መካከለኛውን ደረጃ ዘሎ ነው የሚመጣው። የት እንደሚያርፍ ለማወቅ የሚፈልግ ላምበረት መናኸሪያ ሄዶ ይመልከት።

ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ ደሴ የሚሄደውን አንድ አውቶቡስ ለማንቀሳቀስ ሹፌርና ረዳት፣ ቲኬት ቈራጭና ተራ አስከባሪ ያስፈልጋሉ። በዙሪያቸው ደግሞ መንገደኛ እየጠራ የሚያሳፍረው፣ ሻንጣ የሚሸከመው፣ ቆሎና ውሃ የሚያዞረው፣ ሊስትሮው፣ ቡና የምታፈላው፣ አልጋ የሚያከራየው አለ። ሁሉም ላቡን አፍስሶ የሚያድር ነውና ማንንም አንንቅም። ጥያቄያችን ሌላ ነው። መንገደኛው ሳይጨምር አምስት የነበሩት ተሸካሚዎች አሥር ቢሆኑ፣ የአምስቱ እንጀራ ለአሥር ተቈረሰ እንጂ ምን ተጨመረ? ይህ ዓይነቱ መስፋፋት የመሬት ጥበት የገፋው ሰው መጠጊያ ነው።

ሌላ ዓይነት አገልግሎትም አለን። በ1938 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የውጭ ምንዛሪ ያስገባል፤ አብራሪውንና መካኒኩንም ራሱ ያሠለጥናል። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር ደሴ ላለ ነጋዴ ገንዘቡን በደቂቃ ያደርስለታል። ነገር ግን እነዚህ ድርጅቶች ከአውቶቡስ የወረደውን፣ ትምህርቱን ያቋረጠውን ልጅ በብዛት አይቀጥሩም። በሁለቱ ዓይነት አገልግሎት መካከል ሰፊ ገደል አለ፤ በመቶኛ የተጻፈው ቍጥር ግን አንድ አድርጎ ስለሚደምራቸው ገደሉን አያሳይም።

በኛ አስተያየት ገደሉን ሊያጠብ የሚችለው ከእርሻው ጋር የተያያዘው አገልግሎት ነው። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የምርት ገበያ እህልና ቡና መዝኖ፣ ደረጃ መድቦ፣ በመጋዘን አስቀምጦ ያገበያያል። በዚያው በላምበረት መስመር ሰንዳፋ ላይ ወተት ሰብስቦ የሚያቀዘቅዝ፣ የሚመረምር፣ የሚያመላልስ ሰው ሥራ ሲያገኝ የላሚቱ ባለቤትም ገቢ ያድጋል። የውሃ ፓምፕ የሚጠግን፣ ትራክተር የሚያከራይም እንዲሁ ነው።

ከመካከላችን ይህን ሥራ ለመያዝ የሚያስብ ስንት ነው? አብዛኞቻችን የምንመኘው የባንክ መስኮት ነው። መምህራኖቻችን በዚህ ረገድ የሚቃወሙን ነጥብ ካለ፣ በተለይም የአሥሩ ተሸካሚዎች ምሳሌ ትክክል አይደለም የሚል ካለ፣ አሁኑኑ እንድንከራከርበት መድረኩን እንለቃለን።