ስለ መርጡለ ማርያም ፍርስራሽ
በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ ቃል



ስለ ጥንታዊ ሕንፃ እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ አሳቤ ከዳሞታ ተራራ ተነሥቶ ዓባይን ተሻገረ። በምሥራቅ ጐጃም፥ በእነብሴ ምድር፥ መርጡለ ማርያም የምትባል ገዳም አለች፤ ትርጓሜዋም የማርያም አዳራሽ ማለት ነው። በቅጽርዋ ውስጥ ጣራ የሌለው የድንጋይ ግንብ ቆሞ ይታያል።

ይህችን ገዳም ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የታነጸችው በንግሥት እሌኒ ነው፤ እሌኒም የጎረቤታችን የሐድያ ገዥ ልጅ ናት። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሚስት ሆና፥ ኋላም ልብነ ድንግል በ1500 ዓ.ም. በሕፃንነቱ በነገሠ ጊዜ መንግሥቱን በሞግዚትነት ጠበቀች፤ ማቴዎስን ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ የላከችም እርስዋ ናት። እንግዲህ የደቡብ ሰው ቤተ ክርስቲያን ማሠራትን ትናንት የተማረ ለሚመስለው ሁሉ ይህን መንገር ይገባል።

ያንን ቤት የግራኝ ጦር አቃጠለው። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፥ ከ1618 ዓ.ም. ጀምሮ፥ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት፥ ከእነርሱም ጣልያናዊው ብሩኖ ብሩኒ፥ በዚያው ሥፍራ ሌላ ሕንፃ አነሡ። በ1624 ዓ.ም. የቀደመው ሃይማኖት ተመለሰ፤ ካህናቱም ተሰደዱ።

ዛሬ በቆመው ግድግዳ ላይ ጽጌረዳ፥ ቅጠልና ሐረግ በድንጋይ ተቀርጾ፥ ከቅስቱ ጋራ ሲታይ እጅግ ያስደንቃል። አንዳንድ ሰዎች ይህን ጥበብ ሁሉ ለውጭ አገር ሰዎች ይሰጡታል። እኔ ግን አልስማማም፤ እነዚያ ካህናት ራሳቸው የንግሥቲቱን ቤት ፍርስራሽ አይተው፥ ጽጌረዳ የተቀረጸባቸውን ድንጋዮች አድንቀው ጽፈዋልና። አዲሱ በአሮጌው ላይ ስለ ቆመ፥ የማን መዶሻ የትኛውን ድንጋይ እንደ ጠረበ መለየት የሚቻለው ድንጋዩ በሥፍራው ሳለ ብቻ ነው። (ከፈረሰ በኋላማ ድንጋይ ሁሉ ለአጥር ይሆናል!)

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። አሮጌውን መቅደስ አፍርሰን በሲሚንቶ ሰፊ ቤት እንሥራ የሚል አሳብ በመካከላችን አለ። የሕዝባችንን ብዛት ሳይ አሳቡን አልነቅፍም። ነገር ግን የሰበካው ሽማግሎች አንዲት ድንጋይ ሳትነሣ አስቀድመው ግድግዳውን ያስለኩ፤ በሮቹንና መስኮቶቹን ፎቶግራፍ ያስነሡ፤ እንጨቱንና ድንጋዩን በትከሻቸው ተሸክመው ያመጡትን አባቶችና እናቶች ስም፥ ገና በሕይወት ካሉት አረጋውያን ጠይቀው በደብሩ መዝገብ ያስጽፉ።