የመጀመሪያ ዓመት የፊዚክስ ትምህርትና የቤተ ሙከራው ደንብ
(በማኅበሩ አባላት ፊት የቀረበ ንግግር)




ከማንጠልጠያው እስከ ድንጋዩ እምብርት ድረስ ልክ አንድ ሜትር የሆነ ክር ጅማ ላይ ተሰቅሎ በጥቂቱ ቢወዛወዝ፣ መቶ ጊዜ ሄዶ ለመመለስ 201 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ይኸው ክርና ድንጋይ ፓሪስ ተወስዶ እንደዚሁ ቢሰቀል መቶውን ምልልስ በ200.6 ሴኮንድ ይፈጽማል። ልዩነቱ ግማሽ ሴኮንድ እንኳ አይሞላም። ሆኖም ስለ መጀመሪያ ዓመት የፊዚክስ ትምህርትና ስለ ቤተ ሙከራው ደንብ ብዙ ነገር የሚገልጠው ይኸው ትንሽ ልዩነት ነው። ተማሪው ልዩነቱን አይቶ የመዘገበው እንደሆነ ፊዚክስ ተማረ ማለት ነው፤ አይቶ የደበቀው እንደሆነ ግን የተማረው ሌላ ነገር ነው።

አስቀድሞ የትምህርቱ ይዞታ በአጭሩ ቢታወስ ይጠቅማል። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ 11ኛና 12ኛ ክፍል የመሰናዶ ትምህርት ሆነው ሲደራጁ፣ ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጡት የነበረው የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ቀርቶ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ተመልሶ ሲጀመር፣ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ከሚወስዷቸው የጋራ ኮርሶች አንዱ ጄኔራል ፊዚክስ ሆነ። ኮርሱ ከልኬትና ከቬክተር ተነሥቶ፣ በእንቅስቃሴ፣ በፈሳሽ፣ በሙቀት፣ በሞገድና በኤሌክትሪክ በኩል አልፎ፣ ፊዚክስ ለእርሻ፣ ለጤናና ለኃይል ማመንጫ በሚሰጠው አገልግሎት ይደመደማል። ይህ አደራደር ለጅማ በልክ የተሰፋ ይመስላል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1952 የተመሠረተው የግብርና ትምህርት ቤትና እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት በ1992 ዓ.ም. ሲዋሐዱ ነውና፤ የግልገል ጊቤ ኃይል ማመንጫም ከከተማዋ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ የነገው ሐኪም፣ የነገው መሐንዲስና የነገው የቡና ባለሙያ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይማራሉ።

ወደዚህ ክፍል የሚገባው ተማሪ ብርቱ ፈተና ያለፈ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ይታወሳል። ይሁን እንጂ ያ ፈተና በወረቀት ላይ ነበር፤ ብዙው ተማሪ ሙከራን የሚያውቀው በመጽሐፍ ሥዕል ወይም በቴሌቪዥን መስኮት እንጂ በገዛ እጁ ሠርቶ አይደለም። ማቆሚያ ሰዓት ጨብጦ የእጁን መዘግየት የሚያየው የመጀመሪያ ዓመት ቤተ ሙከራ ሲገባ ነው።

በትምህርቱ መክፈቻ ሳምንት ለተማሪው የሚታደለው የኮርስ መግለጫ ስለ ክፍል መገኘት፣ ሪፖርት በጊዜው ስለ ማስረከብ፣ ስለ ኩረጃ ቅጣት፣ ስለ ተከታታይ ምዘናና ስለ ማጠቃለያው ፈተና ድርሻ ይናገራል። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው፤ ብዙም አያከራክርም። ዋናው ጥያቄ ግን ብዙውን ጊዜ በመግለጫው ላይ አይጻፍም። የቤተ ሙከራ ሪፖርት ነጥብ የሚሰጠው ለምኑ ነው?

አራሚው አስቀድሞ የሚያየው የመጨረሻውን መሥመር ከሆነ፣ ማለትም የተገኘው የስበት ፍጥንጥነት ከመጽሐፉ 9.81 ሜትር በሴኮንድ ካሬ በስንት በመቶ እንደራቀ ብቻ ከሆነ፣ ተማሪው ይህን ለመረዳት ከሁለት ሳምንት በላይ አይፈጅበትም። ከመልሱ ተነሥቶ ወደ ኋላ ያሰላል፤ ሊገኝ የሚገባውን ጊዜ አውጥቶ በሰንጠረዡ ውስጥ ይሞላል። እንዲህ ያለው ሰንጠረዥ ራሱን ያጋልጣል። የሰው እጅ ማቆሚያ ሰዓት ሲጫን የሴኮንድ አንድ አምስተኛ ያህል እየቀደመም እየዘገየም ሳለ፣ ዐሥሩ ንባብ ሁሉ በሴኮንድ መቶኛ እንኳ ሳይለያይ ተደርድሮ ይገኛል። ጥፋቱን ሁሉ በተማሪው ግብረ ገብ ላይ መጫን ቀላል ነው፤ ዳሩ ግን ነጥቡን ለሐሰቱ የሚከፍለው ደንቡ ነው።

ይባስ ብሎ የተኮረጀው ቍጥር ለጅማ እውነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1901 ዓለም አቀፉ የልኬት ጉባኤ መደበኛ ብሎ ያጸደቀው 9.80665 ነው፤ 9.81 የሚባለው ይኸው ተጠጋግቶ ነው፤ የሚስማማውም ለ45 ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ ነው። ጅማ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 7 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ግድም ላይ፣ ከባሕር ወለል 1,750 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። ምድር ስለምትሽከረከርና ወገቧ ስለሚሰፋ፣ ከፍታውም ስለሚጨመርበት፣ በዚያ ያለው የስበት ፍጥንጥነት 9.78 ገደማ ነው። እንግዲህ በጥንቃቄ የሠራ ተማሪ 9.78 ቢያገኝ በ9.81 ለክቶ ነጥብ መቀነስ እውነትን መቅጣት ይሆናል።

ይህ አዲስ ታሪክ አይደለም። ፈረንሳዊው ዣን ሪሼ እ.ኤ.አ. በ1672 ከፓሪስ ወደ ካየን፣ ማለትም ከምድር ወገብ 5 ዲግሪ ያህል ወደምትርቀው የደቡብ አሜሪካ ወደብ ሲሄድ፣ በፓሪስ የተስተካከለው የፔንዱለም ሰዓት በቀን 2 ደቂቃ ተኩል ያህል ወደ ኋላ እየቀረ አስቸገረው። ሪሼ መሣሪያው ተበላሽቶ ነው ብሎ አልተወውም፤ ያየውንም ከፓሪሱ ጋር አላስታረቀም፤ ለወራት ደጋግሞ ለካና ፔንዱለሙን ማሳጠር እንዳስፈለገው ጽፎ ተመለሰ። ኒውተን ምድር በወገቧ የሰፋች መሆኗን ሲያስረዳ ከተጠቀመባቸው ማስረጃዎች አንዱ ይኸው ንባብ ነበር። ያው ሰዓት ጅማ መጥቶ ቢሆን በቀን ወደ 2 ደቂቃ ተኩል ይቀር እንደነበር ሒሳቡ ያሳያል። የጅማ ተማሪ እንግዲህ ሪሼ ያየውን ነገር በአንድ ሜትር ክር ሊያይ ይችላል፤ ማንም ካልከለከለው።

ለማየቱ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ትምህርቱም ያለው በጥንቃቄው ውስጥ ነው። አንዲት ምልልስ ብቻ ቢለካ የእጅ መዘግየት ውጤቱን በ20 በመቶ ሊያዛባው ይችላል። መቶ ምልልስ ቢለካ ያው መዘግየት ወደ 0.2 በመቶ ይወርዳል። ክሩ 10 ዲግሪ ተስቦ ቢለቀቅ የምልልሱ ጊዜ በ0.2 በመቶ ያህል ይረዝማል፤ የሚሰላውም ስበት በ0.4 በመቶ ያንሳል፤ ይህ ደግሞ በጅማና በመጽሐፉ መካከል ያለውን ልዩነት ያክላል። ስለዚህ 5 ዲግሪ አይለፍ የሚለው የመመሪያው ዐረፍተ ነገር ለልማድ የተጻፈ አይደለም።

የውሃው ሙከራም እንዲሁ ነው። ጅማ ላይ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ጀበናውን በቴርሞሜትር ለክቶ 94 ያነበበ ተማሪ 100 ብሎ ከጻፈ፣ ከተማዋን ከነተራራዋ ወደ ባሕር ዳርቻ አወረዳት።

ይህ ሁሉ ከክፍል ውጭ ምን ያገባል ለሚል፣ ከጅማ ወደ አጋሮ፣ ወደ የቡ ወይም ወደ ሊሙ ገነት በመኸሩ ወራት ብቅ ማለት ይበቃዋል። በእነዚህ የቡና ከተሞች የገበሬው የዓመት ገቢ የሚወሰነው በሁለት መሣሪያ ንባብ ነው፤ በሚዛንና በእርጥበት መለኪያ። ሚዛኑ ባዶውን ሳለ ከዜሮ በታች 200 ግራም የሚያሳይ ቢሆን፣ እሸት ቡና በተመዘነ ቍጥር 200 ግራም ይጎድላል፤ መቶ ጊዜ ሲመዘን 20 ኪሎ፣ ማለትም ከአንድ ፈረሱላ በላይ ይጠፋል። መርፌው ወዲያና ወዲህ ሲንቀጠቀጥ የሚመጣው ስሕተት ልኬቱ ሲደጋገም እየተቻቻለ ይሄዳል። የዜሮው ስሕተት ግን ሺህ ጊዜ ቢደጋገም አይቻቻልም፤ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን፣ ሁልጊዜም ከአንድ ሰው ላይ ይወስዳል። ይህን የሁለት ዓይነት ስሕተት ልዩነት ተማሪው የሚማረው በመጀመሪያ ዓመት ቤተ ሙከራ ነው፤ እዚያ ካልተማረው ሌላ የሚማርበት ቦታ መገኘቱ ያጠራጥራል።

የእርጥበቱ ጉዳይ ደግሞ የበለጠ ስውር ነው። ተፈልፍሎና ታጥቦ ከነገለፈቱ አልጋ ላይ የተሰጣ፣ 55 በመቶ ውሃ ያለበት 100 ኪሎ ቡና፣ 12 በመቶ እስኪደርስ ሲደርቅ 51 ኪሎ ይሆናል። መለኪያው በ2 በመቶ አሳንሶ የሚያነብ ከሆነ 12 ሲል ቡናው ገና 14 ነው፤ ክብደቱም 52 ኪሎ አልፏል፤ ገዢው ውሃ ገዝቶ ሻጋታ ወደ መጋዘኑ ያስገባል። አብዝቶ የሚያነብ ከሆነ ደግሞ ቡናው 10 በመቶ እስኪደርስ ይሰጣል፤ ክብደቱ ወደ 50 ኪሎ ይወርዳል፤ ኪሣራው የአምራቹ ይሆናል። የመለኪያውን ታማኝነት ማረጋገጫው መንገድ ጥንታዊና ቀላል ነው፤ ናሙናውን መዝኖ በምድጃ ማድረቅ፣ መልሶ መመዘን። ከመጀመሪያ ዓመት ሙከራዎች አንዱ ይህ ቢሆን፣ ከውጭ አገር መመሪያ የተቀዳ ሙከራ አንዱ ቢቀር ጉዳት አይኖረውም።

እንግዲህ ደንቡ ምን ይበል? ንባብ ሁሉ በቀጥታ በተጠረዘ ደብተር ላይ በቀለም ይጻፍ፤ በብጫቂ ወረቀት ጽፎ ቤት ሄዶ መገልበጥ ይቅር። የተሳሳተ ቍጥር በአንድ መሥመር ይሰረዝ እንጂ አይፋቅ፤ የተሰረዘው ኋላ ትክክል ሆኖ የተገኘበት ጊዜ ብዙ ነውና። ተማሪው ከመውጣቱ በፊት ረዳት መምህሩ በንባቡ ግርጌ ይፈርም። የቡድን አባላት ንባቡን ይጋራሉ፤ ሒሳቡንና ማብራሪያውን ግን እያንዳንዱ ለየብቻው ይሠራል። የቀረ ተማሪ በተወሰነ ሳምንት ተመልሶ ይሠራል እንጂ የጓደኛውን ሰንጠረዥ አይበደርም፤ መብራት ቢጠፋም ሙከራው ይተላለፋል እንጂ «ይህን ያህል ይሆን ነበር» ተብሎ አይሞላም። የነጥቡ ክፍፍል ግን ከሁሉ ይበልጣል። ከመጽሐፉ ጋር ለመስማማት ምንም ነጥብ አይሰጥ። ነጥቡ ለንባቡ ጥራት፣ ለመደጋገሙ፣ ለስሕተቱ ወሰንና ለማብራሪያው ይሁን።

«እንግዲያው ያሻውን ያመጣ ሁሉ ይለፍ ማለት ነው ወይ?» የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። አይደለም። የተሳሳተ ውጤት አብዛኛውን ጊዜ የመጣበትን መንገድ በራሱ ላይ ጽፎ ይመጣል። 12.1 ያገኘ ተማሪ ክሩ ሲለቀቅ «ዜሮ» በማለት ፈንታ «አንድ» ብሎ መቍጠር ጀምሮ፣ ዘጠኙን ምልልስ ዐሥር ብሎታል። 9.58 ያገኘው፣ አራት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን ድንጋይ እስከ እምብርቱ ሳይሆን እስከ አናቱ ለክቷል። ይህን ራሱ መርምሮ ደርሶበት የጻፈ ተማሪ፣ 9.81 ጽፎ ዝም ካለው የበለጠ ነጥብ ይገባዋል፤ ምክንያቱን ፈልጎ ያጣ ግን ንባቡን በሐቅ ያስቀመጠ ተማሪም ባዶ እጁን አይመለስ።

ስለ መሣሪያ እጥረት የሚነሣው ምክንያት ለኤሌክትሪክና ለብርሃን ሙከራዎች እውነት ነው፤ በኮምፒዩተር የሚታይ ሙከራም በዚያ በኩል ያግዛል። ነገር ግን በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው ክር እጅ አይዘገይበትም፤ ዜሮውም አይዛነፍም፤ ስለዚህ ለዚህኛው ትምህርት ምትክ አይሆንም። የቋንቋውም ነገር ሳይጠቀስ አይታለፍ። ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ይጻፍ ቢባልም፣ ከሙከራው በፊት የሚደረገው ውይይት በአፋን ኦሮሞም ሆነ በአማርኛ ቢካሄድ ተማሪው የሚያስበውን ይናገራል፤ ካልሆነ ግን ከመመሪያው ላይ የሸመደደውን ይደግማል።

ክርና ድንጋይ ርካሽ ናቸው፤ ውዱ የአራሚው ጊዜ ነው። ስድሳ ተማሪ ዐሥር ዐሥር ሪፖርት ቢያቀርብና ለአንዱ 15 ደቂቃ ቢሰጠው 150 ሰዓት ይሆናል፤ ይህን ያህል ሰዓት የሌለው ረዳት መምህር የመጨረሻውን መሥመር ብቻ አይቶ ቢያልፍ አያስደንቅም። ሙከራዎቹ ወደ አምስት ዝቅ ቢሉና እያንዳንዱ ሁለት ሳምንት ቢፈጅ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ተለክቶ በሁለተኛው ሳምንት ስሕተቱ ተፈልጎ እንደገና ቢለካ፣ እርማቱ 75 ሰዓት ይሆናል፤ 12.1 ያገኘውም ተማሪ ተመልሶ «ዜሮ» ብሎ ለመጀመር ጊዜ ያገኛል።