ከአውራጃ ግዛት እስከ መንግሥት ግምጃ ቤት



መሐንዲስ የነደፈው መንገድ ሁሉ መሬት ላይ ከመውረዱ በፊት በበጀት ሰነድ ውስጥ ማለፍ አለበት። ስለዚህም የሕዝብ ገንዘብ አያያዝ ለሙያው ባዕድ ጉዳይ ሊሆን አይችልም። የዚህ ጉዳይ ታሪክ በአገራችን ሲነሣ፣ ከግዛት አስተዳዳሪነት ተነሥተው ለገንዘብ ሚኒስትርነት የበቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ተገቢ ምሳሌ ናቸው።

ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. ተወለዱ። በልጅነታቸው ዐድዋ ዘምተው፣ ከዚያም ወደ ሩሲያ ተሻግረው የመድፍ ሙያ ተማሩ። በስሌትና በልኬት ላይ የቆመው ይህ ሙያ ለኋላ ሥራቸው ስንቅ ሳይሆናቸው አልቀረም። ከተመለሱ በኋላ ጅጅጋን፣ ቀጥሎም በ1910ዎቹ አጋማሽ ጨርጨርን አስተዳደሩ። ጨርጨር ለሌሎች ግዛቶች አርአያ እንዲሆን ሲታሰብ፣ ዛሬ ጭሮ የምትባለው አሰበ ተፈሪ በእርሳቸው አስተዳደር ዘመን የግዛቱ መቀመጫ ሆነች።

በ1920ዎቹ መጀመሪያ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የተፈረመውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም የጃፓንን የሜጂ ሕገ መንግሥት አብነት አድርገው ነበር። የሕጉ መደምደሚያ የሆነው 55ኛው አንቀጽ የመንግሥት ገቢ ከዓመታዊ በጀት ውጭ ወጪ እንዳይሆን ይደነግጋል፤ በጀቱም በገንዘብ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በሁለቱ ምክር ቤቶች ተመክሮበት ለንጉሠ ነገሥቱ ቀርቦ እንዲጸድቅ ያዝዛል።

ይሁን እንጂ መማክርቱን የመረጣቸው ሕዝቡ አልነበረም፤ የሕግ መወሰኛውን ንጉሠ ነገሥቱ፣ የሕግ መምሪያውን መኳንንቱና የየአካባቢው ሹማምንት ይመርጡ ነበር። ተክለ ሐዋርያትም ሹመታቸውን ያገኙት ከዘውዱ ነበር። ስለሆነም ግብር ከፋዩ ገበሬ ገንዘቡ የት እንደ ደረሰ የሚጠይቅበት በር አልተከፈተለትም። ሥርዓቱ ሥር ሳይሰድ ጣሊያን አገሪቱን ወረረ፤ ተክለ ሐዋርያትም በ1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር የአገራቸውን አቤቱታ አሰምተው፣ ረጅም የስደት ዘመን አሳለፉ። በ1969 ዓ.ም. ዐረፉ።

በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ዛሬ ይኸው ጥያቄ ይጠብቃቸዋል። የገፈርሳ ውኃ ከቡራዩ አጠገብ ተነሥቶ አዲስ አበባን ያጠጣል፤ በሰበታ ቢራ ይጠመቃል፤ በሱሉልታ ውኃ ይታሸጋል። ከዚህ ሀብት ከሚሰበሰበው ግብር ምን ያህሉ ለሰፈሩ ቧንቧ፣ ለመንገዱና ለትምህርት ቤቱ እንደ ዋለ ነዋሪው ሊያውቅ ይገባዋል። መሬቱን የለቀቀ ገበሬም ካሳው በምን ስሌት እንደ ተተመነ የመረዳት መብት አለው። በጀት የሚያጸድቅ የተመረጠ ምክር ቤት በሕግ መቋቋሙ ብቻውን አይበቃም፤ ሒሳቡ ለመራጩ በሚገባው ቋንቋ ሊቀርብለት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ የመሐንዲሱ ድርሻ ከባድ ነው። የተጋነነ የዋጋ ግምት የሕዝብን ገንዘብ ያባክናል፤ ሆን ተብሎ ያነሰ ግምትም ሥራውን ከመንገድ ያስቀራል። የከተማ ሹም ነገ የክልል ወይም የአገር ገንዘብ ጠባቂ ሊሆን ይችላል፤ ወደዚያ ወንበር ይዞት የሚሄደውም ዛሬ በከተማው ሒሳብ ላይ የለመደውን ልማድ ነው።